በደረቅ አገር የማይደርቅ ቅብ

ሰኞ ጠዋት ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። የምሠራበት ኤጀንሲ ነው። «አልማዝ፣ የሚስተር ሂራኖ ሺፍት ተሰርዟል፤ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ መሄድ አያስፈልግሽም» ይላል ቴክስቱ። ሌላ ነገር የለውም። ቤት ለቤት እየሄደች ሽማግሌና አሮጊት ለምታስታምም ሴት «ሺፍቱ ተሰርዟል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ወይ ሰውየው ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት፣ ገብቷል፣ ወይ ሞቷል። ዓርብ ዕለት ትቻቸው ስወጣ የነበሩበትን ሁኔታ ስለማውቅ፣ ነርሲንግ ሆም ይሆናል ብዬ ራሴን ለማታለል እንኳን አልሞከርኩም።

አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቅዳሜ የገዛሁት ወፍራም የጎማ ጓንት ነበር፤ ማሸጊያው እንኳን አልተቀደደም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክሱን እስኪያንባርቅብኝ ድረስ ጓንቱን እያየሁ ቀረሁ። የጓንቱን ነገር ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሚስተር ሂራኖን ሦስት ዓመት ነው ያስታመምኳቸው፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ። ቤታቸው ዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ፣ ከኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብላ ያለች የጡብ ቤት ነች። መጀመሪያ ስሄድ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። አጭር፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ያደረጉ ጃፓናዊ ሽማግሌ ናቸው። ከኔ በፊት አራት አስታማሚ አባረዋል። የኤጀንሲዋ ልጅ «ትንሽ ያስቸግራሉ» ስትለኝ «እኔ ከአክስቴ ጋር ያደግኩ ሴት ነኝ፤ ማንም አያስቸግረኝም» ብዬ ሄድኩ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። «አልማዝ እባላለሁ። አባባ ብልዎት ቅር ይልዎታል?» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና «አባትነቱ ብዙም አልሆነልኝም። ግን በይኝ» አሉ። የኔም የሳቸውም እንግሊዝኛ እርስ በርስ እየተደጋገፈ ነው የሚሄደው፤ ቢሆንም አልተቸገርንም። ቀጥለው ቤቱን አስጎበኙኝ። «ወጥ ቤቱ ያንቺ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ያንቺ ነው። እኔም እስከ ምሳ ድረስ ያንቺ ነኝ» አሉና የጓሮውን ክፍል ከፍተው ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አሮጌ ቁምሣጥን አሳዩኝ። «ይሄ ግን የኔ ነው።»

ቁምሣጥኑን ከፈት ሲያደርጉት ውስጡ እርጥብ ፎጣዎች ተሰቅለዋል። የእርሾ ዓይነት ጎምዘዝ ያለ ሽታ መጣብኝ። እኔ ደግሞ የጽዳት አመል አለብኝ። «ውይ፣ ይሄማ ሻግቷል! ቆይ ላጽዳልዎት» ብዬ እጄን ስሰነዝር በሩን ዘጉብኝ። ጣቴን ሊቆርጡኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ቀን ተቆጥተው አላየኋቸውም።

ኋላ ነው የገባኝ። አባባ የላከር ሠሪ ልጅ፣ የላከር ሠሪ የልጅ ልጅ ናቸው። ላከር ስላችሁ የኛ አናጢ አልጋና ቁምሣጥን ላይ የሚረጨው እንዳይመስላችሁ። አገራቸው አንድ ዛፍ አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ያድግና አንድ በጋ ሙሉ ልጡ እየተቧጠጠ ይደማል። የደማው ሁሉ ተጠራቅሞ አንድ ብርጭቆ ቢሞላ ነው፤ ከዚያ ዛፉ ይቆረጣል። ያንን ነው እንጨት ላይ ደጋግመው የሚቀቡት፤ ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ። አንዴ ቀብቶ ማቆየት፣ መፈግፈግ፣ እንደገና መቀባት። ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረድተውኝ ሲያበቁ «አሃ፣ ቫርኒሽ ማለትዎ ነው» አልኳቸው። እስከ ዓርብ አላናገሩኝም።

የሚገርመው አደራረቁ ነው። ሌላ ቀለም ፀሐይና ነፋስ ሲያገኝ ይደርቃል። ይሄኛው ደረቅ አየር ላይ ከተዉት ለሳምንታት እንዳጣበቀ ይቀራል፤ ጠንክሮ የሚይዘው እርጥበት ሲያገኝ ብቻ ነው። የቁምሣጥኑና የፎጣው ምሥጢር ይሄ ነው። «ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ዴንቨር መምጣት ምን የሚሉት ነው?» አልኳቸው። እኛ እዚህ አገር ገብተን የመጀመሪያውን ዊንተር ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ፣ አፍንጫችን ደምቶ ነው ያሳለፍነው፤ ከዚህ የደረቀ አገር ከየት ይመጣል?

«ሥራ የተገኘው እዚህ ነው» አሉኝ።

ሥራቸውን በየቀኑ እጃቸውንና ፊታቸውን ሳጥብ እየቆራረጡ ነው የነገሩኝ። አባታቸው የእንጨት የሾርባ ሳህን ነበር የሚቀቡት። ከዚያ ፕላስቲክ መጣ። «ባንድ በጋ ጎረቤቱ ሁሉ የፕላስቲክ ሳህን ገዛ። እናቴም ገዛች። አባቴ እያየ» አሉኝ። እሳቸው ያኔ ወጣት ናቸው፤ ብሩሻቸውን ይዘው ፒያኖ ፋብሪካ ገቡ። ከዚያ ሚስታቸውን ፉሚን ይዘው አሜሪካ መጡ፤ ዴንቨር ውስጥ የተጋጨ መኪና የሚጠገንበት ጋራዥ ገብተው ሃያ ዓመት መኪና ቀቡ። ሳንባቸውን የጨረሰው እዚያ ሲረጩት የኖሩት የፋብሪካ ቀለም ነው። ጋራዡ ሲዘጋ ደግሞ ተራራ ወጥተው ዓሣ የሚያጠምዱ ሀብታሞች የቀርከሃ ዘንጋቸውን ያስቀቧቸው ጀመር፤ ቀጥሎ እስክሪብቶ፤ ቀጥሎ የስልክ ሽፋን። «እኔ ዘመን ሲመጣ በሬን ዘግቼበት አላውቅም። የጠየቀኝን ሁሉ ቀብቼለታለሁ» ይሉ ነበር። ሲሉት ግን ኩራት አልነበረበትም።

ሐሺሽ ኮሎራዶ ውስጥ በሕግ በተፈቀደ ማግስት አንድ ጢማም ጎረምሳ መጣና ስድሳ ትንንሽ ሣጥን አዘዛቸው። ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ደንበኞቹ ቅጠሉን ይዘውበት የሚወጡት ጌጠኛ ነገር ፈልጎ። እሺ ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ። ልጁ እስኪወጣ ጠበቅኩና «እግዚኦ! አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሐሺሽ ሻጭ ሆኑ?» አልኳቸው።

«ሻጭ አይደለሁም፤ ቀቢ ነኝ። እንጨቱ ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚገባ አያውቅም።»

«እግዜር ያውቃል!»

«እንግዲያው እሱ ስለሚያየው አሳምሬ እቀባዋለሁ» አሉኝ።

ለሐሺሽማ የዛፉን ደም አላባከኑትም፤ በፋብሪካ ቀለም ነው የሠሩት። ጓሮ ወጥተው፣ ቱቧቸውን ከአፍንጫቸው አውልቀው ረጩት፤ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ሲያስሉ ከረሙ። በብስጭት «እሰይ! ይበልዎት!» አልኳቸውና ሾርባቸውን በማንኪያ አጎረስኳቸው።

ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት ፈረንጅ ወጣት ሁለት ቦታ የተሰበረ ሳህን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ስብራቱን በላከር አጣብቀው ወርቅ እንዲቀቡላት ነው። አገላብጠው አዩት። «እንዴት ተሰበረ?» አሏት። ልጅቱ ፈገግ ብላ፣ አዲስ ገዝታ ራሷ በመዶሻ እንደሰበረችው ነገረቻቸው፤ ፎቶው ላይ ስለሚያምር። አባባ ሳህኑን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉና እጇ ላይ አስቀመጡላት። «እኔ የማክመው የታመመ ነው» አሏት። በሩንም ዘጉ። የዚያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም።

እጃቸው ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲይዙ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ነው። ከሴት ፀጉር የተሠራ ብሩሻቸውን ሲይዙ ግን እጃቸው ጸጥ ይላል። ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ትንፋሽ በሌለው ሳንባ! ቀብተው ሲጨርሱ መብራት ላይ አዘንብለው ያዩና እኔ ምንም የማይታየኝን ነገር ያያሉ። አንዲት የአቧራ ቅንጣት። «እስቲ የት አለ?» እላለሁ። «አንቺ ካላየሽው እኔ አይቼዋለሁ» ይላሉ፤ ይፈገፍጉታል፤ እንደገና ይቀቡታል። «ጥሩ ሥራ የሠሪውን እጅ አያሳይም» ነበር አባባላቸው። አባታቸው በብሩሽ እንጨት ጣታቸውን እየመቱ ነው ያስተማሯቸው።

እርጥቡ ላከር ቆዳ ከነካ ጉድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የብሩሽ መጥረጊያ ጨርቅ ሳላውቅ አነሳሁና በሁለተኛው ቀን ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ፣ ዓይኔ ተደፍኖ ተነሳሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በነጠላ ተሸፋፍኜ ስሄድ አንዷ «ደግሞ ማን መታሽ?» ብላ አደባባይ ላይ ጮኸችብኝ። ሰኞ ሲያዩኝ አባባ ደነገጡ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አምጥተው ግንባሬ ላይ አደረጉልኝ። እኔ ነኝ አስታማሚዋ፤ እሳቸው ናቸው ያስታመሙኝ።

ስለ ልጃቸው ስለ ኬኮ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። አንድ ልጅ ነች ያለቻቸው፤ ሲያትል ትኖራለች፤ በዓመት አንዴ ትመጣለች፤ እሑድ እሑድ ትደውልና አምስት ደቂቃ አይሞላም። «ልጅ ሆና እጇን ይዣት አላውቅም» አሉኝ። «ቆዳዋ ስስ ነበር። አንዴ በሁለት ዓመቷ ጉንጯን ነካኋትና አንድ ሳምንት አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ስታድግ እይዛታለሁ ስል፣ ትልቅ ሴት ሆነች፤ ትልቅ ሴት ደግሞ እጅ አትሰጥም።» ጨርቁን ገልብጬ ግንባሬ ላይ አደረግኩት።

አሁን ወደ ቁምሣጥኑ ልመለስ። ፉሚ የሞቱት እኔ ከመምጣቴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። አስከሬን ማቃጠል ለኔ ለተዋሕዶዋ አይዋጥልኝም፤ ግን ልማዳቸው ነው። አመዳቸው ወረቀት በተለጠፈበት ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ነው ተሰጥቷቸው የመጣው፤ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አባባ ጠዋት ጠዋት ፊቱ ቆመው ጎንበስ ይላሉ፤ እንደምን አደርሽ ይሉታል። ያ ፕላስቲክ ነበር የሚያንገበግባቸው። «አባቴን የገደለው ፕላስቲክ ነው፤ እኔ ደግሞ ሚስቴን ፕላስቲክ ውስጥ አስቀመጥኳት» አሉኝ አንዴ። ፉሚ በሕይወት ሳሉ «ለሰው ሁሉ ትቀባለህ፤ ለኔ አንድ ሳህን አትቀባልኝም?» ይሏቸው ነበር አሉ። እሳቸውም «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላሉ። አርባ ዓመት በሚቀጥለው ሳምንት ሲሉ ኖሩ። ቤታቸው ውስጥ የሚበላበት ሳህን ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ እኔው ነኝ የማጥበው፤ አውቀዋለሁ።

ቁምሣጥኑ ውስጥ ያለው እንግዲህ የፉሚ ሣጥን ነው። ከአገራቸው ባስመጡት በመጨረሻው የዛፍ ደም፣ በቻሉበት ቀን አንድ ቅብ፣ ባልቻሉበት ወር ምንም። «እሷን ከፕላስቲክ ሳላወጣ አልሄድም» አሉኝ። የት እንደሚሄዱ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ በገባሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዴ ሥራው አልገፋ ብሏቸው ሲበሳጩ «አይዞዎት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ያገሬ ሰው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ሳሉ፤ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታችን ሆነ። «አባባ፣ እንቁላሉ እግር አወጣ?» እላለሁ በር ላይ። «ገና ነው» ይላሉ፤ ጥሩ ቀን ሲሆን «አንድ ጣት አውጥቷል» ይላሉ። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን ካወቁ በኋላ ሩዝና ጎመን ብቻ እንድሠራ ያዝዙኝና ዓሣቸውን ትተው አብረውኝ ይበላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነው አስቸጋሪ የተባለው።

የመጨረሻውን ቅብ የቀቡት በረዶ ሲጥል በሰነበተበት ሳምንት ነው። ረቡዕ ቀቡት። በማግስቱ ትኩሳት ያዛቸው፤ አምቡላንስ ወሰዳቸው፤ ሳንባ ምች ነው ተባለ። ሆስፒታል ስገባ ማስክ አድርገዋል። ማስኩን ገለጥ አደረጉና «ፎጣውን አርጥቢ። ጠዋት አንዴ፣ ስትወጪ አንዴ» አሉኝ።

«እሺ አባባ።»

ሳይሻላቸው ሳይብስባቸው ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ አንዲት ኬዝ ማናጀር ቤቱን ልታይ መጣች። ወደ ቤታቸው ይመለሱ ወይስ ነርሲንግ ሆም ይግቡ የሚለውን የምትወስነው እሷ ነች። ቁምሣጥኑን ከፈተችው። ፎጣውን አየች፤ ጥጉ ላይ የበቀለውን ጥቁር ሻጋታ አየች። «በዚህ ሳንባ ይሄ ነገር ባለበት ቤት አላስገባቸውም። ነገ ተመልሼ እመጣለሁ፤ ካልደረቀና ካልጸዳ ነርሲንግ ሆም ነው» አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው።

ነርሲንግ ሆም ሠርቼ አውቃለሁ። አባባ እዚያ ቢገቡ ብሩሻቸውን የሚያስነካቸው የለም፤ ቤታቸውንም ዳግመኛ አያዩትም። ሣጥኑ ከሰው አይበልጥም አልኩ። ከመሞት መሰንበት አይደል የሚባለው? ደግሞ እኛ የታመመ ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ቤቱን ወልውለን ነው የምንጠብቀው። አሁን ሳስበው ሣጥኑን ወደ ቤቴ ወስጄ ባኞ ቤት በእንፋሎት ላኖረው እችል ነበር። ያኔ በጭራሽ አልመጣልኝም። ፎጣውን ጣልኩ፤ ቁምሣጥኑን በክሎሪን አጠብኩ፤ መስኮት ከፈትኩ፤ ፋን አዞርኩበት። እሺ ብያቸው ወጥቼ ነው ይህን ያደረግኩት።

ከማጠቤ በፊት ሣጥኑን አውጥቼው ነበር። ጥቁር ነው፤ ጥልቅ ነው፤ ፊቴን አየሁበት። ደርቆ ይሆን አልኩ። ጓንቴን አወለቅኩና ክዳኑን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት። ምን ነካኝ? አዲስ የተቀባ በር አይቶ በጣቱ ሳይሞክር የሚያልፍ ሐበሻ እኔ አላውቅም፤ «ቀለም ነው፣ አትንኩ» ተብሎ ከተጻፈበት ደግሞ ይብስብናል። ጣቴ ተጣበቀ። ሳነሳው የጣቴ መስመር አንድ ሳይቀር ክዳኑ መሐል ተቀምጧል። በትንፋሼ አሞቅኩት፤ በጨርቅ ጫፍ ልነካካው አልኩና የባሰ እንዳላበላሸው ፈራሁ። እንዳለ መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ፤ ፕላስተር አደረግኩበት።

ኬዝ ማናጀሯ መጣች፤ ቤቱን አመሰገነች፤ አባባ ተመለሱ። ኮታቸውን እንኳን ሳያወልቁ ወደ ጓሮው ክፍል ሄዱ። ቁምሣጥኑን ከፈቱ። እጃቸውን ባዶው ግድግዳ ላይ አድርገው ድርቀቱን ዳሰሱት። ሣጥኑን አንስተው ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዞር ብለው ጣቴ ላይ ያለውን ፕላስተር አዩ።

«ያማል?» አሉኝ።

«አባባ፣ ወደ ቤትዎ መመለስ እንዳይከለክሉዎት ብዬ ነው፤ ሴትየዋ...»

«ያማል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ያሳክካል።»

«አትከኪው» አሉ። ያችው ነች። ቢሰድቡኝ፣ እንደ እነዚያ አራቱ ቢያባርሩኝ ምንኛ በወደድኩ! ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ አዲስ ፎጣ አምጥቼ አርጥቤ ሰቀልኩ። ነርስ ስትመጣ አወጣዋለሁ፤ ስትሄድ እመልሰዋለሁ። በሳምንት ውስጥ ቅቡ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፤ ጣቴም አብሮ ጠነከረ። አባባ መድኃኒቱን ነገሩኝ። በለስላሳ ከሰልና በውሃ ጣቱ እስኪጠፋ መፈግፈግ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ መቀባት። የቀረው የዛፍ ደም ላንድ ቅብ ብቻ ይበቃል። ከሰሉን ይዘው ተቀመጡ። አሥር ጊዜ ሳይመላልሱት ትንፋሽ አጠራቸው፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወደቀ። በሚቀጥለውም ቀን፣ በሚቀጥለውም እንደዚያው።

ዓርብ ዕለት አልጋቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ። «አልማዝ ሳን፣ አንቺ ፈግፍጊው» አሉኝ፤ «ሳን» የአገራቸው የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«እኔ? ነክቼው ያደረግኩትን አይተው የለም እንዴ! ጭራሽ ላጠፋው ነው?»

«እጅሽ የአስታማሚ እጅ ነው። ሦስት ዓመት አጥበሽኛል፤ አንድም ቀን አላመመኝም። እንደዚያ አድርገሽ እጠቢው። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሳይሻለሁ፤ የመጨረሻዋን ቅብ ብቻ ደግፈሽ ታስይዢኛለሽ።»

ፈራሁ። እውነቱ ይሄ ነው። እንደገና አበላሻለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ፊቴ እንደገና ያብጣል ብዬም ፈራሁ፤ ሰዓቴም ደርሶ ነበር። «ሰኞ» አልኳቸው። «ወፍራም ጓንት ልግዛና ሰኞ ጠዋት እንሠራዋለን።»

«ሰኞ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሳሎኑ መደርደሪያ አዞሩ። «እኔም ለፉሚ እንዲሁ ነበር የምላት።»

በቀልድ ለማለፍ በር ላይ ሆኜ «እንቁላሉ እግር አወጣ?» አልኩ።

«አንድ እግር ይቀረዋል» አሉ። ካፋቸው የሰማሁት መጨረሻ ይሄ ነው። እሑድ ሞቱ። ጓንቱን ገዝቼ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ኬኮ ከሲያትል መጥታ ደወለችልኝ፤ የምትፈልጊው ዕቃ ካለ ነይና ውሰጂ አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የማውቃት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ እንደ አባቷ ሸሚዟን እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት ነች። ቤቱ ባዶ ሆኗል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ሁለቱም ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ሁለተኛውን ሳየው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

የላከሩን ሣጥን ከቁምሣጥኑ አውጥታ አመጣችው። «ይሄ ለእናቴ እንደሆነ በስልክ ነግሮኛል» አለች። የእናቷን አመድ በጥንቃቄ አዛወረች። ባዶውን ፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የአባቷን ፕላስቲክ አየችና «ለሱስ ማን ይሠራለታል?» አለችኝ። የሚሠራ የለም። እኔም የለም አልኳት። ሚስታቸውን ከፕላስቲክ ያወጡ ሰው እዚያው ፕላስቲክ ውስጥ ቀሩ፤ እንግዲህ የሞተ ተጎዳ።

ኬኮ ክዳኑን ልትገጥም ወደ መብራቱ ስታዘነብለው ነው ያየችው። ቀጥ አለች።

«ይሄ የሱ ጣት ነው?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። በእግዚአብሔር ፊት ልናገር ነበር የከፈትኩት። እሷ ግን አላየችኝም። «አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንድ የጣት አሻራ ጥሎ አያውቅም» አለች። «ትምህርት ቤት የሠራሁትን ነገር ሳሳየው የጣቴን አሻራ ነበር እንደ ጉድለት የሚያሳየኝ። እጁንም አላስነካኝም። አንድም ቀን። ያሳክክሻል እያለ ይሸሸኝ ነበር።» አውራ ጣቷን አነሳችና ክዳኑ ላይ፣ የጣቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ልክክ አለላት። ያች ሸሚዟን እስከ አንገቷ የቆለፈች ሴት እንደ ልጅ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ሆን ብሎ ነው የተወው፤ አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

የኔን አውራ ጣት በጡጫዬ ውስጥ ደብቄ ቆምኩ። ቁስሉ ደርቆ ቆዳው ገና እየተላጠ ነበር።